የተሰጠንን መክሊት ስለ አለመቅበር፤ የእኅት ሁዋና ኢኔስ የሕይወት ታሪክ

አንባብያን ሆይ፥ እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ስጦታ ሁሉ አእምሮ ከፍ ያለ መሆኑን የማይቀበል ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ይህ ስጦታ ለሴት ልጅ በተሰጠ ጊዜ ብዙ ሰዎች እንደ ትርፍ ነገር ይቈጥሩታል፤ ወንዱን ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይሰዱታል፥ እኅቱን ግን ከማጀት ያስቀሯታል። መክሊቱን በምድር ውስጥ የቀበረውን አገልጋይ ጌታው እንደ ወቀሰው ሁላችን እናውቃለን። የሌላውን ሰው መክሊት ነጥቆ የሚቀብርስ በጌታው ፊት ምን ይመልስ ይሆን? ይህን ጥያቄ በሕይወትዋ ሁሉ ተሸክማ የኖረች አንዲት የካቶሊክ መነኵሲት ነበረች። ስምዋ እኅት ሁዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩዝ ይባላል፤ ትርጓሜውም ሁዋና ኢኔስ ዘመስቀል ማለት ነው። አገርዋ ሜክሲኮ ነው፤ ዘመንዋም 17ኛው መቶ ዓመት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በዚያ ዘመን ሜክሲኮ አዲሲቱ እስፓኝ ትባል ነበር፤ ከእስፓኝ ንጉሥ የሚላክ እንደራሴም ያስተዳድራት ነበር። ሁዋና የተወለደችው ከሜክሲኮ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ራሳቸውን በረዶ በሸፈነው በሁለት ታላላቅ የእሳተ ገሞራ ተራሮች አጠገብ፥ ሳን ሚጌል ኔፓንትላ በምትባል መንደር ነው። የመጀመሪያው የታሪክዋ ጸሐፊ የተወለደችበት ዓመት 1651 ነው ይላል፤ በኋላ የተገኘው የጥምቀት መዝገብ ግን 1648 መሆኑን ያመለክታል። እናትዋ ኢሳቤል ራሚሬዝ ሰፊ የእርሻ ርስት በገዛ እጅዋ የምታስተዳድር ብርቱ ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ፊደል አልቈጠረችም፥ ኑዛዜዋን ባስጻፈች ጊዜ እንኳ ስምዋን መፈረም አልቻለችም። አባትና እናትዋ በሕግ ጋብቻ የተሳሰሩ ስላልነበሩ ልጅቱ የምትመካበት የአባት ስም አልነበራትም። ያላት ሀብት አእምሮዋና የእናትዋ አባት በቤቱ የሰበሰባቸው መጻሕፍት ነበሩ።

ሦስት ዓመት ሲሆናት ታላቅ እኅትዋ ፊደል ለመማር ስትሄድ ተከትላት ሄደች፤ እናትዋ ያዘዘች አስመስላም ለመምህርቲቱ ነገረቻት። መምህርቲቱ ነገሩን ባታምነውም የሕፃኒቱ ጕጕት ደስ ስላሰኛት አስተማረቻት። እናትዋ ይህን ያወቀችው ልጅቱ ማንበብ ከቻለች በኋላ ነው። አይብ መብላት አእምሮን ያደነዝዛል ሲባል ስለ ሰማችም አይብ መብላት ተወች፤ በልጅነትዋ እንኳ የመማር ፍቅር ከመብል ፍቅር በርትቶባት ነበርና።

ስድስት ወይም ሰባት ዓመት በሆናት ጊዜ በሜክሲኮ ከተማ ልዩ ልዩ ጥበብ የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ መኖሩን ሰማች። ይህ ትምህርት ቤት በ1551 በንጉሥ ትእዛዝ የተመሠረተ ነበር፤ ደጁ ግን ለሴቶች ዝግ ነበር። ሁዋናም የወንድ ልብስ ለብሳ ወደዚያ ትሄድ ዘንድ እናትዋን ለመነች። እናትዋ እንቢ ባለቻት ጊዜ ተስፋ አልቈረጠችም፤ ወደ አያትዋ መጻሕፍት ተመለሰች፥ ቅጣትና ተግሣጽም ከዚያ ሊያርቋት አልቻሉም። በኋላም በሜክሲኮ ከተማ ወደሚኖሩ ዘመዶችዋ ተላከች። በዚያም የላቲን ቋንቋ ከ20 በማይበልጥ ትምህርት ብቻ ተቀብላ የቀረውን በራስዋ ድካም ተማረችው። በተወሰነ ቀን ውስጥ ልታውቀው ያሰበችውን ሳታውቅ ከቀረች፥ ጠጕርዋን አራት ወይም ስድስት ጣት ያህል ትቈርጥ ነበር፤ ዕውቀት የጐደለው ራስ በጠጕር ሊያጌጥ አይገባውም ብላ ታስብ ነበርና።

ዝናዋ በከተማው በተሰማ ጊዜ የእንደራሴው ሚስት ሌኦኖር ካሬቶ ወደ ቤተ መንግሥት አስገባቻት። እንደራሴው የማንሴራ መስፍን የልጅቱ ዕውቀት ከሰማይ የመጣ እንደ ሆነ ወይም በትምህርት የተገኘ እንደ ሆነ ሊመረምር ወድዶ 40 የሚያህሉ ሊቃውንትን ሰበሰበ፤ የነገረ መለኮት፥ የፍልስፍና፥ የሒሳብና የታሪክ ዐዋቂዎችም በመካከላቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 17 ዓመት ያህል ነበረ። የታሪክዋ ጸሐፊ ካህኑ ዲዬጎ ካዬሃ ከእንደራሴው አፍ ሰምቶ እንደ ጻፈው፥ ለሁሉም በየጥያቄያቸው መልስ ሰጠች። ከዚህ በኋላ በቤተ መንግሥት መኖርና መከበር ይቻላት ነበር፤ ልብዋ ግን ወደዚያ አላዘነበለም።

አንባብያን ሆይ፥ በዚያ ዘመን ለአንዲት ሴት የተከፈቱት መንገዶች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ ልብ አድርጉ፤ ወይም ትዳር ወይም ምንኵስና። ሁዋና ለትዳር ፈጽሞ ፈቃድ እንዳልነበራት ራስዋ መስክራለች፤ ነፍስዋን ለማዳንና በጸጥታ ለመማር ገዳም ይሻላል ብላ መረጠች። በ1667 ወደ ቀርሜሎሳውያን ገዳም ገባች፤ ነገር ግን ሦስት ወር ያህል ቈይታ ወጣች። ከዚያም በሜክሲኮ ከተማ በ1585 ወደ ተመሠረተው ወደ ቅዱስ ጄሮም ደናግል ገዳም ገብታ የካቲት 24 ቀን 1669 መሐላዋን ፈጸመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞትዋ ድረስ፥ ይኸውም 26 ዓመት፥ ከዚያ ገዳም አልወጣችም።

በገዳሙም ሥራ ፈት ሆና አልተቀመጠችም። ከጸሎቱ ጋር የገዳሙን የገንዘብ ሒሳብ ለብዙ ዓመታት ያዘች፤ ለአብያተ ክርስቲያናት በዓል የሚዘመሩ መዝሙሮች ደረሰች፤ በክፍልዋም ብዙ መጻሕፍትና የዜማና የምርምር መሣሪያዎች ሰበሰበች። የደረሰችው አንድ ታላቅ ግጥም 975 መሥመር ሲኖረው፥ ነፍስ በሌሊት ከፍ ብላ ፍጥረትን ሁሉ ለማወቅ ስትደክም ያሳያል። ነገር ግን ይህን የምንጽፈው እንከን የሌለባት አድርገን ልንስላት አይደለም። በመነኰሰች ጊዜ እናትዋ አንዲት ባሪያ ሰጥታታለች፥ ከዓመታትም በኋላ ለገዛ እኅትዋ ሸጠቻት። ስለ ሴቶች አእምሮ እንደዚህ የተከራከረችው ሁዋና በዚህ ነገር ከዘመንዋ ልማድ አልወጣችም። እናንተም ስለ አንድ እውነት ስትቀኑ ሌላው እውነት እንዳይሰወራችሁ ተጠንቀቁ።

አንድ ጊዜ አንዲት እመ ምኔት ትምህርትን እንደ ኃጢአት በመፍራት መጽሐፍ እንዳታነብ አዘዘቻት። ሁዋናም ትእዛዙ ጸንቶ በቈየበት ሦስት ወር ያህል ጊዜ መጽሐፍ በእጅዋ አልያዘችም፤ ዓይንዋንና አእምሮዋን ግን ልትዘጋ አልቻለችም። ዕንቍላል በቅቤና በዘይት ሲጠበስ እንዲያያዝ፥ በፈላ የስኳር ውሃ ውስጥ ግን እንዲበታተን በማዕድ ቤት ተመለከተች። ሁለት ልጃገረዶች የሚሽከረከር መጫወቻ ሲያዞሩ አይታ፥ መንገዱን ለማየት ዱቄት በመሬት ላይ አስነሰነሰች። የረጅሙ አዳራሽ ግድግዳዎች ትክክል ሆነው ሳሉ ከሩቅ የተቀራረቡ መስለው ለምን እንደሚታዩም መረመረች። የፍልስፍናው አባት አርስጣጣሊስ ወጥ ቢሠራ ኖሮ ከጻፈው የበለጠ በጻፈ ነበር ብላም ቀልዳለች። በዚህም ማጀት ዕውቀት የማይገባበት ስፍራ ነው የሚሉትን ሰዎች አሳፈረቻቸው።

የንስሐ አባትዋ አንቶንዮ ኑኜዝ ዴ ሚራንዳ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ፤ እርሱም ግጥም መጻፍዋንና ዝናዋን ይነቅፍ ነበር። ነቀፋውን በሰው ፊት ሁሉ መናገሩን በሰማች ጊዜ፥ በ1682 ገደማ ደብዳቤ ጽፋ ከእርሱ ተለየች። ይህ ደብዳቤ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ከቈየ በኋላ በ1980 በሞንቴሬይ ከተማ ተገኘ። በእርሱም ውስጥ ሴቶች እንደ ወንዶች የምታስብ ነፍስ የላቸውምን ብላ ጠየቀች፤ ነፍሳቸው ለእግዚአብሔር ጸጋ ከተገባች ለትምህርትስ የማትገባው ስለ ምን ነው የሚል ክርክር አቀረበች። በገዳም ያለች እመ ምኔት ባዘዘቻት ጊዜ ታዘዘች፤ ማንም ሕግ ያልከለከለውን ነገር ኃጢአት ነው በተባለች ጊዜ ግን ዝም አላለችም። መታዘዝና ኅሊናን መሸጥ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ ተማሩ።

የሕይወትዋ ታላቅ ፈተና በ1690 መጣ። አንቶንዮ ቪዬራ የተባለ ስመ ጥሩ የፖርቱጋል ሰባኪ ከ40 ዓመት በፊት በጸሎተ ሐሙስ ስለ ሕጽበተ እግር ሰብኮ ነበር። ጥያቄውም ክርስቶስ በሕይወቱ ፍጻሜ ካሳየን የፍቅር ሥራ የሚበልጠው የትኛው ነው የሚል ነበር፤ ቪዬራም ቅዱስ አውግስጢኖስ፥ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅና ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ከሰጡት መልስ የኔ ይበልጣል አለ። ሁዋና በዚህ ነገር ላይ በቃል የተናገረችውን አንድ ሰው በጽሑፍ እንድታቀርብለት ለመናት፤ እርስዋም ሦስቱን አባቶች ደግፋ የሰባኪውን ማስረጃ ነጥብ በነጥብ መለሰች። በመጨረሻም የራስዋን ሐሳብ ጨመረች፤ እግዚአብሔር አንዳንድ በጎ ነገር የሚከለክለን ውለታ ቢሶች ሆነን በደላችን እንዳይበዛ ነውና፥ መከልከሉም ራሱ ታላቅ የፍቅር ሥራ ነው አለች።

የፑዌብላ ጳጳስ ማኑዌል ፌርናንዴዝ ዴ ሳንታ ክሩዝ ይህን ጽሑፍ ሳያስፈቅዳት በ1690 አሳተመው፤ የራሱንም ስም ሰውሮ ፊሎቴያ የተባለች መነኵሲት አስመስሎ ደብዳቤ ጨመረበት። በደብዳቤውም ዕውቀትዋን አመሰገነ፤ ነገር ግን ከዓለም ትምህርት ይልቅ ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ብታዘነብል እንደሚሻል መከራት። ሴት የታላቁን ሰባኪ ቃል መርምራለችና ብዙ ሰዎች ተቈጡ። እርስዋም መጋቢት 1 ቀን 1691 መልስ ጻፈች። አንባብያን ሆይ፥ ሴቶች የመማርና የማስተማር መብት እንዳላቸው ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች ትምህርት ተነሥታ የተከራከረችበት ይህ መልስ ነው፤ ስለዚህ ፍሬ ነገሩን በጥሞና ስሙ።

አስቀድማ ትምህርት ሁሉ ወደ ነገረ መለኮት የሚያወጣ ደረጃ መሆኑን አስረዳች። ሒሳብ የማያውቅ ሰው በትንቢተ ዳንኤል ያለውን የዘመን ቍጥር እንዴት ያስተውላል? የልክ ትምህርት የሌለው የታቦተ ሕጉን መጠን፥ የሕንጻ ጥበብ የሌለው የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ እንዴት ይረዳል? ታሪክ የማያውቅ የነገሥታትን መጻሕፍት፥ ሕግ የማያውቅ የኦሪትን ሥርዐት እንዴት ይተረጕማል? ስለዚህ ሴትን ቅዱስ መጽሐፍ ብቻ አንብቢ ብሎ ሌላውን ትምህርት መከልከል፥ ደረጃውን አፍርሶ ወደ ሰገነቱ ውጪ እንደ ማለት ነው።

ቀጥላ የጥበብ ሴቶችን በየስማቸው ቈጠረች። በእስራኤል ላይ የፈረደችውን ዲቦራን፥ አስተዋይቱን አቢግያን፥ አስቴርንና ሐናን ጠራች። ንግሥተ ሳባንም አነሣች። አገራችን እናቴ የምትላት ይህች ንግሥት ከጠቢባን ሁሉ የሚበልጠውን ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ደፈረች፤ ስለዚህም አልተወቀሰችም፥ ይልቁንም በማያምኑት ላይ ፈራጅ እንደምትሆን ወንጌል መሰከረላት። በሩቅ ሜክሲኮ የምትኖር መነኵሲት ለሴቶች ትምህርት ምስክር ስትፈልግ ንግሥተ ሳባን ማቅረብዋ ለእኛ ደስታም ተግሣጽም ነው።

ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ የሚለውን የሐዋርያውን የጳውሎስን ትእዛዝም አልሸሸችም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ እንደ ተረከው፥ በመጀመሪያው ዘመን ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እርስ በርሳቸው ይማማሩ ነበር፤ ድምፃቸውም ስብከቱን ስላወከ ዝም እንዲሉ ታዘዙ ብላ ገለጠች። ከመንበር ላይ ወጥቶ በአደባባይ ማስተማርን አልጠየቀችም፤ በቤት መማርን፥ መጻፍንና ማስተማርን ግን ማንም አልከለከለም፥ ይልቁንም ይጠቅማል አለች። ቅዱስ መጽሐፍን ለመተርጐም ሴት መሆን እንደማያሳጣ ሁሉ፥ ወንድ መሆን ብቻውን እንደማያበቃም አሳሰበች፤ አርዮስ የተማረ ወንድ ነበረ፥ ትምህርቱ ግን በእብድ እጅ እንዳለ ሰይፍ ጐዳው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክርዋ ስለ ልጃገረዶች ነው። ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት አሮጊቶች ቈነጃጅትን እንዲያስተምሩ አዟል፤ ቅዱስ ጄሮምም ለሌታ በላከው ደብዳቤ ትንሺቱ ጳውላ ከሕፃንነትዋ ጀምራ ፊደልና ቅዱሳት መጻሕፍት እንድትማር መክሯል። ሁዋና የዚህ ቅዱስ ገዳም ልጅ እንደ መሆንዋ ይህን ምስክር እንደ አባት ርስት አቀረበችው። በአገርዋ የተማሩ አሮጊቶች ስለሌሉ አባቶች ለሴት ልጆቻቸው ወንድ መምህር መቅጠር ነበረባቸው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ነውርና ጥፋት አመጣ፥ ይህን የፈሩትም ልጆቻቸውን ያለ ትምህርት ተዉአቸው። እንግዲህ ሴቶች ቢማሩ ልጃገረዶችን የሚያስተምሩ እናቶች በበዙ ነበር ብላ ደመደመች።

በዚያው በ1691 ከፈላስፎች ጋር ተከራክራ ስለ ረታችው ስለ ቅድስት ካትሪን ዘእስክንድርያ የደረሰቻቸው መዝሙሮች በኦአሃካ ከተማ ተዘመሩ። በ1692 የጽሑፍዋ ሁለተኛ ክፍል በእስፓኝ በሴቪል ከተማ ታተመ፤ ብዙ የነገረ መለኮት ሊቃውንትም መሰከሩላት። በአገርዋ ግን ጊዜው ከበደ። በሰኔ ወር 1692 እህል ስለ ጠፋ በሜክሲኮ ከተማ ሁከት ሆነ፥ የእንደራሴውም ቤተ መንግሥት ተቃጠለ። ሊቀ ጳጳሳቱ ፍራንሲስኮ አጊያር ኢ ሴይሃስ ለድሆች እጅግ የሚመጸውት፥ ሴቶችን ግን እጅግ የሚርቅ ሰው ነበረ። ሁዋና ወደ ቀድሞው የንስሐ አባትዋ ተመለሰች፤ በ1694 ራስዋን ከሁሉ ዝቅ አድርጋ መሐላዋን አደሰች፥ በገዛ ደምዋም ፈረመች። መጻሕፍትዋና መሣሪያዎችዋም ተሸጡ፥ ዋጋቸው ለድሆች ተሰጠ።

ይህን ያደረገችው በገዛ ፈቃድዋ ነውን ወይስ ተገድዳ? የሊቃውንት አሳብ እስከ ዛሬ ሁለት ነው፤ አንዳንዶቹ እውነተኛ ንስሐ ነው ይላሉ፥ ሌሎቹ የበላዮችዋ ጭቈና ነው ይላሉ። ይሁን እንጂ የሚያከራክር ያልሆነ አንድ ነገር አለ። በ1695 በገዳሙ ቸነፈር ገባ፤ ብዙዎች እኅቶችም ታመሙ። ሁዋና ከበሽተኞች አልሸሸችም፥ እያስታመመች ሳለ ሕመሙ ያዛት፤ ሚያዝያ 17 ቀን 1695ም ዐረፈች። ትምህርት ሴትን ትዕቢተኛና ርኅራኄ የሌላት ያደርጋታል የሚሉ ሰዎች ይህን አሟሟት ያስቡ።

መልስዋ ከሞትዋ በኋላ በ1700 በማድሪድ ታተመ። የተዘጉት ደጆች ግን ፈጥነው አልተከፈቱም። እኅት ማዴሌቫ የተባለች አሜሪካዊት መነኵሲት፥ የካቶሊክ ሴቶች ከፍ ያለ የነገረ መለኮት ትምህርት የሚማሩበት ስፍራ ባጡ ጊዜ፥ በኢንድያና በምትመራው በቅድስት ማርያም ኮሌጅ ይህን ትምህርት ቤት የከፈተችው በ1943 ነው፤ ይኸውም ሁዋና ከሞተች 248 ዓመት በኋላ ነው። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ሴቶችን የቤተ ክርስቲያን መምህራን ብላ የሰየመችው በ1970 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቴሬዛ ዘአቪላና ካትሪን ዘሲዬና ነበሩ። በሜክሲኮ ከተማ ሁዋና የኖረችበት ገዳም ዛሬ በስምዋ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ወንድና ሴት አብረው ይማሩበታል። በልጅነትዋ የወንድ ልብስ ካልለበስሽ የማይገባ የነበረው ትምህርት፥ በገዛ ቤትዋ ለሴቶች ልጆች በግልጥ ይሰጣል።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ ይህን ታሪክ አንብባችሁ አድንቃችሁ ብቻ አትለፉ። አባት የሆናችሁ፥ ለወንዱ ልጃችሁ የምትከፍሉትን የትምህርት ዋጋ ለሴቲቱ አታጕድሉባት። ተማሪ የሆናችሁ፥ የተማራችሁትን በማታ ተቀምጣችሁ ለእኅቶቻችሁና ላልተማሩ እናቶቻችሁ አካፍሉ፤ የሁዋና እናት ርስት ስታስተዳድር ኖራ ስምዋን መጻፍ ሳትችል እንደ ሞተች አስቡ። ፊደል የቈጠራችሁ ሴቶችም፥ በጎረቤታችሁ ላለች ለአንዲት ልጃገረድ መምህርት ሁኑ፤ ሁዋና የጠየቀችው ይህን ነበርና። ዕውቀት ካገኛችሁም በኋላ በሽተኛን ለማስታመም ከመጐንበስ አትኵሩ። መክሊትን ያደለ እግዚአብሔር፥ የራሳችንን እንዳንቀብር፥ የባልንጀራችንንም እንዳንነጥቅ ልቡና ይስጠን።